የአውሮፓ ኅብረት 150 ቢሊዮን ዩሮ የመከላከያ ብድር፦ ብሩ አለ፣ ጥይቱስ?

ጠያቂው
ሰላም ለሁላችሁ። ዜናው ሁሉ «አውሮፓ ለጦር መሣሪያ 800 ቢሊዮን ዩሮ መደበች» ይላል። ሰነዱን ስታነቡት ግን «ተመደበ» የሚባል ገንዘብ የለም። የበጀት ገደብ ላላ ይላል፣ ብድር ይላል፣ በቃ። የሚያውቅ ካለ እነዚህን ያብራራልን።

አንደኛ፣ 800ው ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ሴፍ የተባለው የ150 ቢሊዮን ብድር አንድ አገር እጅ እስኪገባ በምን በምን ያልፋል? ሦስተኛ፣ በብድሩ ከአሜሪካ መግዛት ይቻላል? አራተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዩክሬን ቃል የተገባው አንድ ሚሊዮን ጥይት በቀኑ ያልደረሰው ምን ጎድሎ ነው?

ጦርነቱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ክር እንተወው። አሠራሩን ነው የፈለግሁት።

ሒሳብ_ሹም
ከ800ው ልጀምር። የአውሮፓ ኮሚሽን (የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል) ፕሬዚዳንት ኡርዙላ ፎን ደር ላየን ማርች 4 ቀን 2025 ዕቅዱን ሲያቀርቡ ጨርሶ የማይገናኙ ሁለት ቁጥሮችን ነው የደመሩት።

650 ቢሊዮኑ ግምት ነው። በየትኛውም ካዝና ውስጥ የለም። የኅብረቱ የበጀት ሕግ የእያንዳንዱን አገር የወጪ ዕድገት ይገድባል፤ ያለፈ አገር የጉድለት ክስ ይከፈትበታል። አሁን የተባለው፣ ያለፋችሁት ለመከላከያ ከሆነና ከጂዲፒያችሁ (ከዓመታዊ አገራዊ ምርታችሁ) 1.5 በመቶ ካልበለጠ ከ2025 እስከ 2028 አንከሳችሁም ነው። ሁሉም አገር ይህችን ፈቃድ አሟጦ ቢጠቀምባት 650 ይሞላል። በጁላይ 2025 የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ለ15 አገሮች ፈቀደ፤ ጀርመን ከዚያ በኋላ ገባች። ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን በዚያ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ዕዳው ለከበደ አገር ብራስልስ ብታላላለትም የቦንድ ገበያው አያላላለትም።

በነገራችን ላይ ይህ 1.5 እና የኔቶው 1.5 አይምታቱባችሁ። ኔቶ በጁን 2025 ሄግ ላይ የተስማማበት 5 በመቶ እስከ 2035 ድረስ 3.5 ለዋና ወታደራዊ ወጪ፣ 1.5 ደግሞ ለድልድይ፣ ለወደብ፣ ለሳይበርና ለመሳሰለው ነው። የኅብረቱ 1.5 የወጪ ግብ ሳይሆን ከክስ መዳኛ ነው።

150 ቢሊዮኑ ሴፍ ነው። ይህኛው እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ግን ስጦታ የለበትም። ደንቡ ሜይ 27 ቀን 2025 ጸደቀ። መንገዱ እንዲህ ነው፦ አገሮች እስከ ጁላይ 2025 መጨረሻ ፍላጎታቸውን አስታወቁ፤ 19ኙ ጠየቁ። በሴፕቴምበር ኮሚሽኑ ድልድሉን አወጣ፤ ፖላንድ 43.7፣ ሮማኒያ 16.7 ገደማ፣ ፈረንሳይና ሃንጋሪ እያንዳንዳቸው 16.2፣ ጣሊያን 14.9 ቢሊዮን። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ምን እንደሚገዙ፣ ከማን ጋር እንደሚገዙ፣ ዩክሬን በምን እንደምትካተት የሚዘረዝር ብሔራዊ ዕቅድ ማስገባት ነበረባቸው። ኮሚሽኑ ይገመግማል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፣ የብድር ውል ይፈረማል፣ ከዚያ እስከ 15 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይለቀቃል። የቀረው ሥራው እየታየ ይከፈላል፤ የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2030 ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ ጋሼ። ብድር ከሆነ ግን አገሮቹ ራሳቸው ቦንድ ሸጠው አይበደሩም? ጥቅሙ የቱ ላይ ነው?

ሒሳብ_ሹም
ወለዱ ላይ። ኮሚሽኑ በኅብረቱ ስም ይበደራል፤ ዋስትናው የኅብረቱ በጀት ስለሆነ ርካሽ ያገኛል፤ ያንኑ ለአገሩ ያስተላልፋል። ዘመኑ እስከ 45 ዓመት፣ ዋናው ብድር የማይነካበት የእፎይታ ጊዜ ደግሞ 10 ዓመት ነው።

በምሳሌ ላስላው። 1 ቢሊዮን ዩሮ የወሰደ አገር የኅብረቱ ወለድ 3 በመቶ ነው ብንል በእፎይታው ጊዜ በዓመት 30 ሚሊዮን ብቻ ይከፍላል። ከዚያ በቀሩት 35 ዓመታት ዋናውን እኩል ቢከፋፍለው በዓመት 28.6 ሚሊዮን ገደማ፣ በላዩ እየቀነሰ የሚሄድ ወለድ። ያው አገር በራሱ ስም በ7 በመቶ የሚበደር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወለዱ ብቻ 70 ሚሊዮን ነበር። በዓመት 40 ሚሊዮን ዳነ ማለት ነው። በ2.5 በመቶ ለሚበደር አገር ግን ሴፍ ኪሳራ ነው። ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ስዊድን ከ19ኙ ውስጥ የሌሉት ሌላ ምሥጢር ኖሮት አይደለም። ጀርመን ደግሞ በማርች 2025 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከጂዲፒ 1 በመቶ በላይ የሆነውን የመከላከያ ወጪ ከዕዳ ገደቡ አውጥታዋለች፤ የብራስልስ ብድር ምን ሊያደርግላት?

ሌላ ትንሽ የማትመስል ነገር አለች፦ በሴፍ የሚገዛ ዕቃ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። 20 በመቶ ቫት በሚያስከፍል አገር ይህ ቀላል አይደለም።

የብራስልስ_ታዛቢ
ሦስተኛውን እኔ ልመልስ፤ በየቦታው የሚሳሳቱበት ነው። «ከአሜሪካ መግዛት ተከለከለ» የሚለው ልክ አይደለም። ሕጉ የሚቆጥረው ክፍሎቹን ነው። የዕቃው ክፍሎች ዋጋ ቢያንስ 65 በመቶው ከኅብረቱ አገሮች፣ ከኖርዌይ፣ ከአይስላንድ፣ ከሊኽተንስታይን ወይም ከዩክሬን መምጣት አለበት። ከሌላ ዓለም የሚመጣው ከ35 በመቶ አይበልጥም። ክፍሎቹ 10 ሚሊዮን ዩሮ ለሚያወጡ መድፍ 3.5 ሚሊዮኑ ከቴክሳስም ከኮሪያም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስዊዘርላንድ ከተፈቀዱት ውስጥ የለችም፤ ሰው የሚረሳት እሷን ነው። እንግሊዝ ለመግባት ተደራድራ በኖቬምበር 2025 በመዋጮው መጠን ሳትስማማ ቀረች፤ ካናዳ ግን ገባች።

ከመቶኛው ይልቅ የሚያንቀው ሁለተኛው ማጣሪያ ነው። ደንቡ ዕቃዎቹን በሁለት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው ጥይትና ሚሳይል፣ መድፍ፣ የእግረኛ መሣሪያ፣ ትንንሽ ድሮን፣ ሳይበር፣ ወታደራዊ መጓጓዣ ነው። ሁለተኛው የአየር መከላከያ፣ መርከብ፣ ትልልቅ ድሮን፣ የኤሌክትሮኒክ ውጊያና የመሳሰሉት ናቸው። በሁለተኛው ምድብ መቶኛውን ማሟላት አይበቃም፤ ተቋራጩ የዕቃውን ንድፍ የሌላ አገር መንግሥት ሳያስፈቅድ መለወጥና ማሻሻል መቻል አለበት።

ፓትሪየት የተባለውን የአሜሪካ የአየር መከላከያ ውሰዱ። በጃንዋሪ 2024 የኔቶ የግዥ ኤጀንሲ ለጀርመን፣ ለኔዘርላንድስ፣ ለሮማኒያና ለስፔን እስከ 1,000 የሚደርስ ጌም-ቲ የተባለ የፓትሪየት ሚሳይል አዘዘ። የሚገጣጠመው ባቫሪያ ውስጥ ሽሮበንሃውዘን ነው። ፋብሪካው ጀርመን፣ ሠራተኛው ጀርመን፤ የንድፉ ሥልጣን ግን አሜሪካ። እንዲህ ያለ ዕቃ በሁለተኛው ምድብ ማጣሪያ ላይ ይወድቃል። እስራኤል ያላችሁ ልጆች የምትጠይቁት አሮው 3 የተባለው ፀረ ሚሳይልም እንዲሁ ነው፤ ጀርመን የገዛችው በራሷ ገንዘብ ነው።

ዘብ_24
እና ሃንጋሪ እንዴት ዝም አለች? ሁልጊዜ ቬቶ (ውሳኔ የሚያግድ አንድ ድምፅ) የምታነሣው እሷ አይደለችም?

የብራስልስ_ታዛቢ
ቬቶ የሚሠራበትን መንገድ አልሄዱበትም። የኅብረቱ ውል አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 2 ከኅብረቱ በጀት ወታደራዊ ዘመቻ እንዳይከፈል ይከለክላል። ስለዚህ በ2021 ከበጀቱ ውጭ የአውሮፓ የሰላም ፈንድ የሚባል ካዝና ተከፈተ፤ እዚያ ላይ ሙሉ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ሃንጋሪም 6.6 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አግታበታለች። ሴፍ ግን የተመሠረተው ለኢኮኖሚ አስቸኳይ ጊዜ በተጻፈው አንቀጽ 122 ላይ ነው። በድምፅ ብልጫ ያልፋል፤ ፓርላማውም አይመክርበትም። ፓርላማው በዚህ ተቆጥቶ ምክር ቤቱን ሉክሰምበርግ ባለው ፍርድ ቤት ከስሷል። ሃንጋሪ ደግሞ 16.2 ቢሊዮኗን ጠይቃለች 🙂

አባ_መድፍ
አራተኛው የእኔ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ማርች 2023 ላይ የተገባው ቃል በሦስት መንገድ የሚፈጸም ነበር፦ ከመጋዘን አውጥቶ ለሰጠ አገር ማካካሻ 1 ቢሊዮን ዩሮ፣ ለጋራ ግዥ 1 ቢሊዮን፣ ፋብሪካ ለማስፋት 500 ሚሊዮን። ቀነ ገደቡ 12 ወር። በማርች 2024 የደረሰው ግማሽ ያህሉ ነው። ገንዘቡ ነበረ፤ ያልነበረው ምን እንደሆነ ለማየት ጥይቱን መፍታት ያስፈልጋል።

155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ከአምስት ዕቃ የተሠራ ነው። የብረት አካሉ፣ የሚሞላበት ፈንጂ፣ አፍንጫው ላይ የሚታሰረው ፊውዝ (ማፈንጃ)፣ ከኋላ ለብቻው የሚጎርሰው ባሩድ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ፕራይመር። አምስቱ ከአምስት ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከአምስት አገር ይመጣሉ። አራቱ ሞልተው አንዱ ከጎደለ ያለህ ብረት ብቻ ነው።

ብረቱ ቀላሉ ነው። ከሺህ ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ይጨመቃል፣ ይሳባል፣ ይጠናከራል፣ ይላጋል፣ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት ይገባለታል። ማሽን ከገዛህ ይበዛል።

ሙሌቱ ላይ ነው ብር የማይሰማው። የሚሞላው ፈንጂ፣ ቲኤንቲ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ይኮማተራል። ቸኩለህ ካቀዘቀዝከው ውስጡ ባዶ ኪስ ይፈጠራል። መድፉ ሲተኮስ ጥይቱ የሚሸከመው ግፊት ከመሬት ስበት ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ስለሆነ ያ ኪስ ይደፈጠጣል፣ አየሩ ይግላል፣ ጥይቱ አፈሙዝ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ መድፉም ተኳሹም የሉም። ለዚህ ነው በኤክስሬይ የሚታየው፤ ለዚህ ነው ማቀዝቀዣው ሰዓታት የሚፈጀው። ሦስት ፈረቃ ብታሠራም የአንዱ ጥይት ሰዓት አያጥርም፤ ያለህ ምርጫ ሌላ መስመር መገንባት ነው፤ ፈንጂ የሚሞላ መስመር ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ርቀት፣ ግንብ፣ የአካባቢ ፈቃድ ይፈልጋል። የጀርመኑ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ራይንሜታል ኡንተርሉስ ላይ ሥራውን በፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ፋብሪካውን በኦገስት 2025 መርቋል፤ ይህ በጀርመን መለኪያ ሩጫ ነው። በዓመት 350,000 ጥይት ላይ እደርሳለሁ ያለው ግን በ2027 ነው።

ቲኤንቲውስ? አንድ ጥይት እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይይዛል። ኅብረቱ ለ2025 መጨረሻ ያስቀመጠው ግብ በዓመት 2 ሚሊዮን ጥይት ነበር። አባዙት፦ ከ14,000 እስከ 22,000 ቶን። በኅብረቱ ውስጥ የቀረው ትልቅ የቲኤንቲ አምራች ግን አንድ ነው፣ ፖላንድ ቢድጎሽች ያለው ኒትሮ-ኬም፤ እሱም ለአሜሪካ ይሸጣል። ባሩዱ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነው፣ ናይትሮሴሉሎሱ ከጥጥ ፍሬ ላይ ከሚላጨው አጭር ጭረት፣ ጭረቱ ደግሞ በብዛት ከቻይና። ይህን ያዩ ናቸው አሳፕ በተባለው ፕሮግራም ከ500 ሚሊዮን ዩሮው ሦስት አራተኛ ያህሉን ለባሩድና ለፈንጂ ያደረጉት። ፈረንሳይ ቤርዤራክ ላይ ባሩድ እንደገና መሥራት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የፋብሪካው አቅም በዓመት 1,200 ቶን ነው።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። የውጭ ፖሊሲ ኃላፊው የነበሩት ጆሴፕ ቦሬል በ2023 እንደተናገሩት ከአውሮፓ ጥይት ምርት 40 በመቶ ያህሉ ወደ ሌሎች አገሮች ይላክ ነበር። ፋብሪካው ውል አለበት። ውሉን አፍርሶ ለብራስልስ ቃል ሲል ቅጣት የሚከፍል ባለ አክሲዮን የለም።

ሉሲ_በርሊን
አባ መድፍ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ጉዳዩን ባሩድ ላይ ብቻ ጥለው ትዕዛዙን አቀለሉት። ፋብሪካ ያልተሠራው ጥጥ ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ የአሥር ዓመት ትዕዛዝ ፈርሞ የሚሰጥ መንግሥት ስለሌለ ነው። መንግሥታቱ የዓመት በጀት ይዘው ይመጣሉ፤ ፋብሪካው የሃያ ዓመት መስመር ነው የሚተክለው። ጦርነቱ ቢቆም ያ መስመር የማን ዕዳ ነው?

ደግሞ አብረው ሲያዝዙ እንኳ አንድ ዕቃ አያዝዙም። ኤንኤች90 ሄሊኮፕተር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። በስሙ አንድ ሄሊኮፕተር ነው፤ በተግባር ከሃያ በላይ ዓይነት ወጣው። አንዱ አገር የጣሪያውን ከፍታ፣ ሌላው ሞተሩን፣ ሦስተኛው ሬዲዮኑን አስለወጠ። ኖርዌይ በ2001 ለባሕር ጥበቃ 14 አዘዘች፤ በ2008 ተጠቃለው ሊገቡ ነበር። በጁን 2022 ውሉን ስታፈርስ የተሟላ ሆኖ የደረሳት 8 ነበር። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ መለዋወጫ፣ የራሱ የጥገና መጽሐፍ፣ የራሱ የበረራ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሆነው ሎሚው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

የሚሠራው መንገድ አሰልቺው ነው። አንድ አገር ቀድሞ ውል ይፈርማል፤ ውሉ ውስጥ ሌሎች በዚያው ዋጋና በዚያው ዓይነት የሚገቡበት በር ይተዋል። ሊዮፓርድ 2ኤ8 ታንክ ላይ ጀርመን ያደረገችው ይህንን ነው፤ ሊቱዌኒያ፣ ቼክ፣ ኔዘርላንድስና ስዊድን ተከትለው ገቡ። «ለእኔ ብቻ እንዲህ ይደረግልኝ» ያለ በሩ ላይ ይቀራል።

አባ_መድፍ
እህቴ፣ ትዕዛዙ ላይ አልከራከርሽም። ነገር ግን የረጅም ጊዜ ውል ቢፈረምም ጥይቱ ከመድፍ መድፍ እንዳይዘዋወር የሚያደርገው ነገር አለ፤ እሱን ልጨምር።

«155 ሁሉ አንድ ነው» ይባላል። አይደለም። አንዳንድ የኔቶ አገሮች የፈረሙት የጋራው የባለስቲክ ስምምነት የባሩዱን ክፍል መጠን ወስኗል፦ ባለ 39 ካሊበር መድፍ (የአፈሙዙ ርዝመት የጥይቱ ስፋት 39 እጥፍ የሆነ) 18 ሊትር፣ ባለ 52 ካሊበር 23 ሊትር። ሞጁል ባሩድ (በእኩል ጥቅል የተዘጋጀ) ስትጠቀም አጭሩ እስከ አምስት፣ ረጅሙ እስከ ስድስት ይጎርሳል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ስምምነቱ ጥይቱ ይገባል ይላል እንጂ የት እንደሚወድቅ አይነግርህም። ለእያንዳንዱ የመድፍ፣ የጥይትና የባሩድ ጥምረት የተኩስ ሠንጠረዥ ተሠርቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት። ሠንጠረዥ የሌለው ጥይት ብዙ መቶ ሜትር ሊስት ይችላል። ሠንጠረዡ ደግሞ በተኩስ ሙከራ ነው የሚሠራው፣ በብርድም በሙቀትም። ከዚያ እያንዳንዱ አገር ለብቻው የደህንነት ፈቃድ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ የሰጠውን ፈቃድ እንዳለ አይቀበልም። ይህ ወራት ይበላል። የኅብረቱ አገሮች ለዩክሬን የሰጡት መድፍ አሥር ዓይነት መሆኑን ማሪዮ ድራጊ ለኅብረቱ ያዘጋጁት ሪፖርት ጽፎታል፤ እዚያ ያለው የጥይት ክፍል ኃላፊ የትኛውን ሣጥን ወደየትኛው የመድፍ ጓድ እንደሚልክ አስቡት።

ለእኔ ከ150 ቢሊዮኑ ይልቅ የፈቃድ ወረቀትን እርስ በርስ መቀበል ብዙ ጥይት ያመጣል። ወጪው ጥቂት ሚሊዮን ነው። የሚጎዳው የየአገሩን የሙከራ መሥሪያ ቤት ኩራት ነው።

ሉሲ_በርሊን
እሱ ላይ እስማማለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ኩራት ግን አቅልለው አይዩት 🙂

ዘብ_24
ይሄ ሁሉ ለእኛ ምን ያገባናል የሚል እንዳይመጣ አንድ ነገር ላንሣ። ከላይ የተጠቀሰው የሰላም ፈንድ ከመምጣቱ በፊት የአፍሪካ የሰላም ፋሲሊቲ የሚባል ነበር፣ ከ2004 ጀምሮ። በሶማሊያ የአሚሶም (የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ) ወታደሮች የወር አበል ይከፈል የነበረው ከዚያ ነው፤ የእኛም ወታደሮች በ2014 በይፋ ከገቡበት ጀምሮ። በ2016 አውሮፓ አበሉን በ20 በመቶ ቀነሰች። በ2021 ፋሲሊቲው በሰላም ፈንዱ ሲተካ ለሞቃዲሾ የሚሆነውና ለኪየቭ የሚሆነው ከአንድ ማሰሮ መቀዳት ጀመረ። የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ ማሰሮው ወደየት እንዳጋደለ መናገር አያሻም።

የብራስልስ_ታዛቢ
ልክ ነው። ፈንዱ በ5 ቢሊዮን ጀምሮ ጣሪያው 17 ቢሊዮን ደርሷል፤ የጨመረው በአብዛኛው ለዩክሬን ነው። የድሮው ፋሲሊቲ በልማት ገንዘብ ስለሚሠራ መሣሪያ መግዛት አይችልም ነበር፤ አዲሱ ይችላል። የአፍሪካ ኅብረትም በፊት በጅምላ ያገኘው የነበረውን አሁን ብራስልስ በቀጥታ ለየአገሩ ትሰጣለች። አዲስ አበባ ያሉት ቅር ያላቸው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ የመጨረሻ፦ ሴፍ የጋራ ግዥ ይላል፣ ነገር ግን ብቻቸውን የገዙም አሉ ይባላል። የትኛው ነው?

ሒሳብ_ሹም
ሁለቱም። ዋናው ደንብ ቢያንስ ሁለት አገር ይላል፤ አንዱ የሴፍ ተበዳሪ፣ ሌላው የኅብረቱ አባል፣ ኖርዌይን የመሰለ ወይም ዩክሬን። ጊዜው ስለጠበበ ግን እስከ ሜይ 30 ቀን 2026 ድረስ ለብቻ የተፈረመ ውልም ብድሩን እንዲያገኝ ተፈቀደ። ከዚያ ቀን በኋላ የተፈረመ የነጠላ ውል ሒሳቡ አይወራረድለትም። ስለዚህ አንድ አገር «በሴፍ ገዛሁ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምታዩት የፊርማውን ቀን ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ፈራሚ ማን እንደሆነና ስንት እንዳዘዘ። ሁለተኛው አገር ጥቂት ሣጥን አዝዞ ስሙን ብቻ ያዋሰበት ውል ደንቡን ያሟላል፤ ዋጋውን ግን አያወርደውም።